የእትዬ ይበቃል መርከብ

ይታወቅ። በየብስ የምትኖሩ፣ በባሕር የምትንሳፈፉ፣ በሊፍት የምትወጡና የምትወርዱ ሁሉ ጆሯችሁን ስጡ። የመንግሥት ሆስፒታል የምድር ቤት ወጥ ቤት ሊቀ ጭልፋት፣ የመረቅ ድስት ጠባቂ፣ የጨው አልባ ምግብ ባለአደራ የነበረችው እትዬ ይበቃል፣ ወንድሟን ሳታማክር፣ አማቿን ሳታስፈቅድ፣ ጎረቤት ምን ይለኛል ሳትል፣ የምትሳፈርበትን የመዝናኛ መርከብ በገዛ ራሷ መርጣለች። የመረጠችውም በወንበሩ፣ በመብራቱና በእራቱ ነው። ይህን ሰምቶ የሚቆጣ ይቆጣ። ተቆጥቶ የሚታመም ካለም ሆስፒታሉ ያው እዚያው ነው፤ መረቁን ግን ከእንግዲህ ሌላ ሰው ይቅዳለት።

ተቆጪው ብዙ ስለሆነ ነገሩን ከሥሩ ልጀምር።

ይበቃል እናት አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም። የሆስፒታሉ ስጦታ ነው። ወጥ ቤቱ ከመሬት በታች ነው፤ መስኮቱ ከእግረኛው መንገድ እኩል ስለሆነ ከውጭው ዓለም የሚታየው ጫማ ብቻ ነው። ግድግዳው እስከ ሰው ወገብ አረንጓዴ ዘይት ቀለም ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ አንድ ጊዜ ነጭ የነበረ ነገር አለ። ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለው ረጅም አምፖል እየተርገበገበ ያፏጫል፤ በሥሩ የቆመ ሰው ሐኪምም ቢሆን በሽተኛ ይመስላል። ምግብ የሚታደለው ከግድግዳው በተቀደደች ጠባብ መስኮት ነው። መራመድ የቻለ በሽተኛ ሁሉ የብረት ትሪውን ታቅፎ ይሰለፋል። ትሪው ባለ ሦስት ቤት ነው፤ አንዱ ቤት ለሩዝ፣ አንዱ ለተቀቀለ ድንች፣ ሦስተኛው ደግሞ ሐኪሙም ምን እንደሆነ ለማይነግርህ ነገር። በላዩ ላይ መረቅ ይፈስበታል። መረቁን የምታፈሰው እሷ ናት።

የወጥ ቤቱ ኃላፊ ሕግ አጭር ነበር፤ ለአንድ ሰው አንድ ጭልፋ። በሽተኛው ትሪውን ዘርግቶ ቀና ይልና ያያታል። "እትዬ፣ ትንሽ ጨምሪልኝ" ይላታል። ኃላፊው ከኋላዋ ሆኖ ጉሮሮውን ይጠርጋል። እሷም "ይበቃል" ትላለች። ለወፍራሙ ይበቃል፣ ለከሲታው ይበቃል፣ ለሚድነውም ለማይድነውም ይበቃል። በሽተኞቹ ቀስ በቀስ ቃሉን ወስደው በራሷ ላይ ለጠፉት። "ይበቃል ገብታለች?" ይላል አንዱ ከአልጋው ሳይነሳ። "ገብታለች፣ ሰልፉን ያዙ።" እንግዲህ ሰው ስም ሲያወጣ እንዲህ ነው፤ ሕጉን ያወጣው ኃላፊ አቶ እገሌ ተብሎ በክብር ኖረ፣ ሕጉን የተሸከመችው ይበቃል ተባለች።

እሷ ራሷ የምትበላው ቆማ ነበር። በወጥ ቤቱ ውስጥ አንዲት ወንበር ነበረች፤ ጠያቂ በበዛ ቁጥር ከላይ ከዋርድ ይመጡና ይወስዷታል። ልትቀመጥ ጎንበስ ስትል ወንበሯ ከኋላ ተስባ ስንቴ አየር ላይ እንደቀረች እሷም አትቆጥረውም። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ይመጣል።

ቤቷ ስትገባ ደግሞ ያ ቃል ቀድሟት ገብቶ ተቀምጦ ይጠብቃታል። ዶሮ ሲታረድ ለእሷ ክንፉ ይበቃታል። ክፍል ሲደለደል ለእሷ ከማድ ቤቱ አጠገብ ያለችው ትበቃታለች። ባሏ በሕይወት ሳለ የክረምት ካፖርት ሊገዛላት ወጥቶ ሻርፕ ይዞ ተመለሰ፤ "ለአንቺ ይኼም ይበቃል፣ ምድር ቤት ውስጥ አይነፍስ" አላት። ነፍሱን ይማረው፤ እውነቱን ነበር፣ ምድር ቤት አይነፍስም።

አውቶቡስ የምትጠብቅበት ቦታ ፊት ለፊት አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ተከፈተ። በመስታወቱ ላይ ትልቅ ፎቶ ተለጠፈ። የመርከብ እራት ቤት ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ መብራቱ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ፣ እንደ ማር የሚንጠባጠብ ዓይነት። ግድግዳው ጠቆር ያለ እንጨት ነው፤ አረንጓዴ ዘይት ቀለም ከዳር እስከ ዳር ብትፈልጉ የለም። ክቡ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ፣ ከጨርቁ ላይ አንድ ሳህን፣ ሳህኑ ሰፊና ምንም ቤት የሌለው። ወንበሩ ጀርባው ጎበጥ ያለ፣ ጥልቅ ሰማያዊ የከፋይ ጨርቅ የለበሰ ነው፤ እሱም ከጠረጴዛው ሳብ ተደርጓል። ፎቶ አንሺው አንድ ሰው እንዲቀመጥ ወንበሩን ከፍቶ የሄደ ይመስላል።

እትዬ ይበቃል አውቶቡሷ መጥቶ እስኪሄድ ያንን ወንበር ታያለች። ማን ሊቀመጥበት ነው የተሳበው? ዛሬም ባዶ ነው። በማግስቱም ባዶ ነው። ዝናብ ዘነበ፣ ፀሐይ ወጣች፣ ወንበሩ ሰው አጥቶ ቆመ። ጡረታ የወጣች ዕለት ኃላፊው የግድግዳ ሰዓት ሸልሟት ሲያበቃ ሰዓቱን በብብቷ ይዛ ወደ ቢሮው ገባች፤ የዚያን መርከብ ብሮሹር ተቀብላ ወጣች። ገንዘቡ ከየት መጣ ለምትሉ፣ የራሷ ነው። ከዚህ በላይ መልስ አይገባችሁም።

ወሬው እንደተሰማ ቤተሰቡ ለጉባኤ ተቀመጠ። ሊቀ መንበሩ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ጡረተኛ የጉምሩክ ፈታሽ። ዕድሜውን የሰው ሻንጣ ሲበረብር ስለኖረ የሰው ሐሳብም በፊቱ ሲያልፍ ከፍቶ ካላየው እንቅልፍ አይወስደውም። በስተቀኙ አማቿ ተሰየመ። መድን ሻጭ ነው፤ ስሙን እናቱ ታውቀዋለች፣ ሰፈሩ ግን ቅናሽ ይለዋል። ዋጋው ተቀንሷል የሚል ወረቀት ከተለጠፈበት የሬሳ ሣጥንም ቢሆን ሁለት ከመግዛት የማይመለስ ሰው ነው። በስተግራ ልጇ፣ የቅናሽ ሚስት፤ አንዱ ልጅ ጭኗ ላይ፣ አንዱ ጠረጴዛው ሥር የእናቱን አጎት የጫማ ክር እየፈታ።

"በመርከብ ልትሄጂ ነው አሉ" አለ ወንድሟ። "እሰየው ነው። የትኛው መርከብ የሚለውን ግን ቤተሰብ መክሮ ይወስናል።"

"ቤተሰቡ ነው የሚሳፈረው፣ ጋሼ?"

"አዎና" አለ ቅናሽ፣ ፊቱ በርቶ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አቆመው። "እማማ፣ ላስደንቅዎት ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ሁላችንንም አስመዝግቤያለሁ። ትልቁ መርከብ ነው። ከተማ ያክላል። የውኃ ሸርተቴ አለው፣ ለልጆች የመኪና ጨዋታ አለው፣ ቡፌው ቀኑን ሙሉ አይዘጋም።"

"ቡፌ" አለች እትዬ ይበቃል።

"ቡፌ። ትሪዎን ያነሳሉ፣ ይሰለፋሉ፣ ከዚያ የፈለጉትን ነው።"

"እሰለፋለሁ።"

"ሰልፉ ቶሎ ነው የሚሄደው ይላሉ።"

"ትሪው ስንት ቤት አለው?"

ቅናሽ ጥያቄው አልገባውም፤ ስልኩን አየ። ልጇ ግን ገባት። የሕፃኑን አንገት ጨርቅ ማስተካከል ጀመረች፣ የተበላሸ ነገር ሳይኖረው።

"ክፍሌስ?"

"ከልጆቹ ጋር ነዎት። ተደራራቢ አልጋ ነው፣ እነሱ ከላይ፣ እርስዎ ከታች። እኛ ኮሪደሩን ተሻግረን። ማታ እኛ ሙዚቃ ምናምን ለማየት ወጣ ስንል..."

"እኔ እጠብቃለሁ።"

"እርስዎማ ይለምዱታል። ደግሞ እኮ ቅናሹ የሚገኘው አያት አብራ ስትመዘገብ ነው" አለ፣ የሚያሞግሳት መስሎት።

ያኔ እትዬ ይበቃል ከቦርሳዋ ብሮሹሩን አውጥታ መሐል ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። መርከቡ ትንሽ ነው። ሸርተቴ የለውም። ልጅ አያሳፍርም። ሰው ይቀመጣል፣ ምግቡ ወደ እሱ ይመጣል። ወንድሟ መነጽሩን አጥልቆ ገጹን ገልበጥ አደረገው፣ ከሥሩ የተደበቀ ዕቃ የሚፈልግ ይመስል።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ወንበር ነው።"

"ወንበርነቱማ ይታየኛል። መርከብ በወንበር ይመረጣል እንዴ? ሞተሩስ? ካፒቴኑስ ማን እንደሆነ ጠይቀሻል?"

"ካፒቴኑ ላይ አልቀመጥም፣ ጋሼ።"

ጠረጴዛው ሥር ያለው ልጅ ሳቀ፤ ነገሩ ገብቶት ሳይሆን ክሩ ተፈቶለት ነው። ቅናሽ ለስለስ አለ፤ መድን ሲሸጥ እንዲህ ይለሰልሳል። "እማማ፣ ይኼ እኮ ዲዛይን፣ ስታይል ምናምን ለሚሉ ሰዎች ነው የተሠራው። ባሕሩ ያው ባሕር ነው። ምግቡም ሆድ ከገባ ያው ነው።"

"አንተስ ክራቫት ምን ይሠራልሃል?" አለችው። "አንገትህ ሳይታሰርም አይወድቅ።"

ወንድሟ ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። "በዚህ ዕድሜሽ ብቻሽን ተቀምጠሽ እራት ስትበዪ ሰው ምን ይላል? ዘመድ የላትም ወይ አይልም?"

"ይበል። እኔም ስንቱን ብቻውን ሲበላ አይቻለሁ። ዘመዱ ሁሉ ጠያቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያየው።"

ይህን ጊዜ ልጇ ቀና አለች። ክፉ ልጅ አይደለችም፣ ደክማ ነው። ሕፃኑን ወደ ሌላኛው ጭኗ አዛወረችና ቀስ ብላ፣ "እማዬ፣ ትልቁም እኮ ጥሩ ነው። ይበቃሻል" አለቻት።

እዚህ ላይ ነገሩን ለአፍታ ልግታው። ይህች ቃል ሁለት ፊት አላት። በአንዱ ፊቷ ትሰፍራለች፣ በሌላው ትሾማለች። ጭልፋው ሲሞላ በቃ ይባላል፤ ሰው ለክብር ሲደርስም በቃ ይባላል። እትዬ ይበቃልን ሲሰፍሯት የኖሩት ሁሉ፣ ኃላፊው፣ ባሏ፣ ወንድሟ፣ ቃሏን አንድም ቀን ገልብጠው አላዩዋትም። እሷም ብትሆን አላየቻትም ነበር፣ ከገዛ ልጇ አፍ እስክትሰማት ድረስ።

"ይበቃሻል ነው ያልሽኝ?" አለች። ብሮሹሩን አጥፋ ወደ ቦርሳዋ መለሰች። "እኔ ደግሞ በቅቻለሁ።"

ጠግቤያለሁ ማለቷ ይሁን ደርሻለሁ ማለቷ፣ ጉባኤው ተከራክሮ ሳይጨርስ እሷ ተነስታ ሄደች። ወንድሟ ሊከተላት ተነሳና በተፈታው የጫማ ክር ተጠልፎ መልሶ ተቀመጠ።

በማግስቱ የጉዞ ወኪሉ ቢሮ ከተከፈተ ወዲያው ገባች። ሻጯ ጥፍሯን የተቀባች፣ አንገቷ ላይ ትንሽ ሻርፕ ያሰረች ልጅ ናት። የእትዬን ጫማ አየች፣ ቦርሳዋን አየች፣ ከዚያ እጇ ሳይጠየቅ ወደ ትልቁ መርከብ ብሮሹር ሄደ። ሰውን በጫማው ማወቅ የምድር ቤት ሰዎች ሙያ ብቻ አለመሆኑን እትዬ ያን ዕለት ተማረች።

"ለእርስዎ ይኼ ይበ..."

"እንዳትጨርሻት፣ ልጄ" አለቻት። "ያቺን ቃል ትናንት ጡረታ አውጥቻታለሁ። ይኼኛውን ነው የምፈልገው።"

ሻጯ ብሮሹሩን ተቀበለችና ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። "ከማን ጋር ነው የሚጓዙት?"

"ከእኔ ጋር።"

"እ... እራት ላይ ጠረጴዛው ለስንት ሰው ይሁን?"

"ለአንድ።"

"ብቻቸውን ለሚጓዙ እኮ የጋራ ጠረጴዛ አለ። ተጫዋች ሰዎች ናቸው።"

"እኔም ተጫዋች ነኝ። ለአንድ።" ከዚያ ጎንበስ ብላ ፎቶው ላይ ጣቷን አኖረች። "ይልቅ አንድ ነገር ንገሪኝ። ይኼ ወንበር እውነት መርከቡ ውስጥ አለ? ወይስ ለፎቶ ብለው ከሌላ ቦታ ያመጡት ነው?"

ሻጯ እንዲህ ተጠይቃ አታውቅም። ሰው ስለ ማዕበል ይጠይቃታል፣ ስለ ባሕር ሕመም ይጠይቃታል። ስልክ አንስታ ወደ መርከቡ ድርጅት ደወለች፤ "ወንበሩ አለ ወይ ይላሉ ደንበኛችን" ስትል በማዶ ያለው ሰው የሳቀው ሳቅ እዚህ ድረስ ተሰማ። እትዬ ይበቃል አልተነቃነቀችም። ይሳቅ። በሳቁ መሐል መልሱ መጣ፤ ወንበሩ አለ፣ እራት ቤቱ ሙሉውን እንደዚያው ነው።

"ሰማያዊ ነው ወይ በይው።"

"ሰማያዊ ነው ወይ ይላሉ" አለች ሻጯ፣ አሁን እሷም ከንፈሯን ነክሳ። ሰማያዊ ነው ተባለ። እትዬ ፈረመች። በዚያው እግሯ ከትልቁ መርከብ ስሟን አሰረዘች።

ማምሻውን ቅናሽ በሯን አንኳኳ። ፊቱ ዕቃው እንደተወረሰበት ነጋዴ ሆኗል።

"እማማ፣ ምን አደረጉን? ቅናሹ ወደቀ እኮ።"

"አንሳዋ።"

"ቀልድ አይደለም። ልጆቹንስ ማን ይጠብቃቸው?"

"እናትና አባት የሚባሉ ሰዎች አሉ ይባላል። ፈልጋቸው።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት ለእናንተ አይከብድም። ወንድሟ እግሩን ከቤቷ አነሳ። ጎረቤቶቿ ከንፈር መጠጡ። ባሕር ለባሕር መሄድ ቀርቶ በሕይወታቸው ዛፍ ሥር እንኳ ተዝናንተው የማያውቁ ሰዎች የባሕር ሕመም ሐኪም ሆኑባት። አንዷ፣ "ለወንበር ብላ ቤተሰቧን ጣለች" አለች፤ እሷ ራሷ ስትናገር በረንዳዋ ላይ ከነመከዳው ወንበር ተደላድላ ነበር። ቤት ሙሉ ወንበር ያለው ሰው ወንበር ከንቱ ነው ሲል ደስ ይለኛል። ሲነሳ ግን አላየሁም።

የከበዳት የልጇ ዝምታ ብቻ ነው። ስልክ አትደውልም። ሲደወልላት "ደህና ነን" ብላ ትዘጋለች። እትዬ ይበቃል ሻንጣዋን ስታሰናዳ ሁለት ጊዜ ተቀምጣ ተነስታለች። ስልኩን አንስታ እሺ፣ ትልቁ ይሁን፣ ተደራራቢው አልጋ ይሁን ብትል ሁሉም ነገር እንደ ድሮው ይሆናል። ድሮ ምን እንደነበር አሰበችና የስልኩን ገመድ ከግድግዳው ነቀለችው።

ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት ልጇ መጣች። ልጆቹን አላመጣችም። በፌስታል አንድ ጥንድ ጫማ ይዛለች፤ ጥቁር፣ አጭር ተረከዝ፣ ለራሷ ሠርግ የገዛችው ነው።

"የጉዞ ወኪሎቹን ጠይቄ፣ እራት ቤቱ በነጠላ ጫማ አያስገባም ብለውኛል" አለች። "ልኪው።"

እትዬ ተቀብላ ለካችው። ትንሽ ይጠባል። "ልክ ነው" አለች።

ልጇ በጓዳው በር ተደግፋ ቆመች። ከጠረጴዛው ላይ የተረፈ ዳቦ ቆርሳ ቆማ መብላት ጀመረች። "ብቻሽን ስትበዪ አይደብርሽም፣ እማዬ?"

"እስከ ዛሬ ቆሜ ነው የበላሁት። መቀመጡ ራሱ ጨዋታ ነው።" ከዚያ አየቻት። "አንቺ ለምን ቆምሽ?"

ልጇ እጇ ላይ ያለውን ዳቦ አየችው። ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ተበላሽቶ አቀረቀረች። እናቷ ወንበር ስባ አቀረበችላት። ያን ምሽት ሁለቱም ተቀምጠው በሉ። ስለ መርከብ አንድም ቃል አልተነጋገሩም።

እነሆ መርከቡ። ስለ ባሕሩ አልነግራችሁም፤ ቅናሽ እንዳለው ያው ባሕር ነው። እራት ቤቱ ግን ያው አልነበረም። መብራቱ በፎቶው ላይ እንዳለው ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ በሥሩ ያለ ሰው ሁሉ ጤነኛ ይመስላል። ግድግዳው እስከ ጣሪያ ድረስ አንድ ቀለም ነው። ሳህኑ ምንም ቤት የለውም። ሰማያዊው ወንበር በመስኮቱ አጠገብ ቆሟል፣ በመስኮቱም በኩል የሚታየው የማንም ጫማ አይደለም።

ነጭ ጃኬት የለበሰ አስተናጋጅ መጥቶ ጎንበስ አለ። እትዬ ይበቃል ልትቀመጥ ስትል ወንበሩን ከኋላዋ ሳበው።

ሁለት እጇ ሳታስበው ወደ ኋላ ሄዶ የወንበሩን ጀርባ ጨበጠ። "ተይዟል" አለች፣ በዚያ በዋርድ ሰዎች ላይ በማይሠራው ድምጿ። "ሰው አለበት። እኔ አለሁበት።"

አስተናጋጁ ቋንቋዋን አያውቅም። እሷ ወደ ራሷ ትስባለች፣ እሱ ወደ ራሱ። በአጠገቡ ያሉ ተመጋቢዎች ሹካቸውን አቆሙ። እትዬ አልለቀቀችም፤ መላ ዘመኗን የለቀቀችው ወንበር ሁሉ በዚያች እጇ ውስጥ ነበር። ከዚያ አስተናጋጁ ወንበሩን ቀስ ብሎ ከጉልበቷ ኋላ ወደፊት ገፋ፣ በሌላ እጁም ተቀመጪ አላት። ያኔ ገባት። ለመውሰድ አልነበረም የሳበው። ተቀመጠች፤ የወንበሩ ከፋይ ከተገመተው በላይ ለስላሳ ነው። የሚያዩዋትን አንድ በአንድ መልሳ አየቻቸው፤ ሹካዎቹ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ሥጋው መጣ። በላዩ የሚፈስ መረቅ ለብቻው በብር ዕቃ መጣ፣ ከትንሽ የብር ጭልፋ ጋር። አስተናጋጁ አንድ ጭልፋ አፈሰሰላት። ከዚያ ጭልፋውን ከሳህኗ በላይ አቁሞ ፊቷን አየ።

ይህን አቋቋም ታውቀዋለች። የራሷ ነው። ክንዱ፣ ትከሻው፣ ጭልፋው አየር ላይ መቆሙ ሁሉ። የሚጠብቀው አንዲት ቃል ነው፤ ቃሏን የምትናገረው ግን አሁን ትሪ የዘረጋችው ናት። ከኋላዋ ማንም ጉሮሮውን አልጠረገም።

እትዬ ይበቃል ዝም አለች።

ሁለተኛውን አፈሰሰ። አያት። ዝም። ሦስተኛው ሥጋውን አለፈና ወደ ሳህኑ ዳር ሄደ። አስተናጋጁ ቅንድቡን ከፍ አደረገ፤ እሷም ከፍ አደረገች።

እንግዲህ የተከበርክ አንባቢ፣ የተከበርሽ አንባቢ፣ ይህን የምታነቡት ተቀምጣችሁ እንደሆነ አልጠራጠርም። አንድ ልመና አለኝ፣ ትንሽ ናት። አሁን ከወንበራችሁ ሳትነሱ አንገታችሁን ብቻ ወደ ማድ ቤቱ በር አዙሩና፣ እዚያ ቆማ የምትበላ ሰው ካለች፣ ያቺን ቃል ከአፋችሁ ከማውጣታችሁ በፊት...